ባህር ዳር አልዘነበም ማለት ትንበያው ውሸት ነው ማለት አይደለም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በሶስት ሰው በኩል ደረሰኝ፣ ሶስቱም «አየኸው ይሄን?» ብለው ነው የላኩልኝ። ጸሐፊው የባህር ዳር ልጅ ነው፣ አጻጻፉ ጥሩ ነው፣ ንዴቱም ይገባኛል። ባጭሩ የሚለው እንዲህ ነው፦ ለቅዳሜና እሁድ ከባድ ዝናብና ጎርፍ አለ ተብሎ ተለፈፈ፣ እሱ ቀበሌ 14 ቁጭ ብሎ ጠበቀ፣ ጠብ ያለ ነገር የለም፣ ስለዚህ ትንበያ ግምት ነው፣ «ጎርፍ የለም» እያለ በየቀኑ ቢናገር እሱ ራሱ ይበልጣቸዋል፣ ፐርሰንቷ ማምለጫ ናት፣ ክረምቱ መደበኛ ይሆናል እየተባለ ሰው በጎርፍ ሲፈናቀል አይተናል፣ ፈረንጅ ሀገር እንዲህ አይሳሳቱም፣ የስልክ አፕ ይሻላል፣ አባቶቻችን ደመና አይተው ያውቁ ነበር፣ እና እርግጠኛ ካልሆኑ ዝም ይበሉ፣ ሰው በከንቱ ከብቱን እየነዳ አይንከራተት።

እኔ የአየር ሁኔታ ባለሙያ አይደለሁም፣ ሒሳብ ነው የማስተምረው። ግን የእናቴ ወገኖች ከጣና በስተምስራቅ ያለው የፎገራ ሜዳ፣ ዋገጠራ ቀበሌ ናቸው፣ ከጥቂት አመታት በፊት አጎቴ ቤት ውሃ ሲገባ እዛ ነበርኩ። ያን ሌሊት ዋገጠራም ወረታም አንድ ጠብታ አልዘነበም፣ ይሄን ያዙልኝ። ኮከብ ይታይ ነበር። መጀመሪያ ውሻው ጮኸ፣ ከዛ በጓሮ በኩል ሽሽሽ የሚል ድምፅ መጣ፣ እኔ ነፋስ መስሎኝ ነበር፣ አጎቴ ናቸው ከመደቡ እጃቸውን ወርወር አርገው መሬቱን ዳብሰው «ውሃ ነው፣ ልጆቹን አንሳ!» ያሉት። ባትሪ ስናበራ የሩዙ ማሳ የለም፣ አጥሩ የለም፣ ሁሉም አንድ ሆኖ ጠቁሮ ይብለጨለጫል። መደቡን አልፎ ነው የቆመው። አንድ ጥጃ ሄደ፣ ጎታው ውስጥ ያለው እህል ከስሩ ረጠበና በሳምንቱ ሸተተ። ጭቃው ግድግዳው ላይ የተወው መስመር ዛሬም አለ፣ አክስቴ ሁለት ጊዜ ለስነውታል፣ በደረቀ ቁጥር ግን እየወጣ ይታያል። ስለዚህ «ትንበያ ውሸት ነው» የሚል ጽሑፍ እዛ ሰፈር ስልክ ላይ ሲዞር እኔ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

«ባህር ዳር ጠብ አላለም»

ልክ ነው፣ አላለም። ቅዳሜ እኔም ከተማ ነበርኩ፣ ሽንብጥ እኛ ጋ ጠዋት የተሰጣ ልብስ ከሰዓት ደርቆ ገብቷል። ግን ጸሐፊው ራሱ ያያያዘውን ስክሪንሾት አጉልታችሁ አንብቡት፣ ከባድ ዝናብ የተባለው «በደቡብ ጎንደር ከፍተኛ ቦታዎች» ነው፣ የጎርፍ ስጋት የተባለው ደግሞ «በርብና በጉማራ ዝቅተኛ ቦታዎች»። ቀበሌ 14 አይልም፣ ባህር ዳርም አይልም።

ርብም ጉማራም ወደ ጣና የሚገቡ ወንዞች ናቸው፣ የሚነሱት ከጉና ተራራ ነው። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ ጣና 1,786 ሜትር አካባቢ፣ ውሃው ከ2,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ሲምዘገዘግ መጥቶ ፎገራ ሲደርስ መሬቱ እንደ ምጣድ ልሙጥ ይሆንበታል፣ መሄጃ ያጣና ይተኛል። ጉና ላይ ከሰዓት በኋላ የጣለው ሜዳው ላይ የሚደርሰው ማታ ወይ ሌሊት ነው፣ ሜዳ ላይ ያለው ሰው በራሱ ላይ ዝናብ ሳያይ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በ1 ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው፣ 40 ሚሊ ሜትር በ1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ቢጥል 40 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይሆናል። የርብም የጉማራም ተፋሰስ እያንዳንዱ ከ1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ግማሹ መሬት ውስጥ ቢቀር፣ ከዛም በላይ ቢቀር፣ የተረፈው በአንድ ሌሊት ልውረድ ካለ ወንዙ በዳርቻው ውስጥ ሊይዘው አይችልም።

እሁድ ጠዋት በሚኒባስ ወደ ወረታ ሄድኩ። ሀሙሲትን አልፈን ጉማራ ድልድይ ላይ ሾፌሩ ቀስ አለልን፣ ሰው ሁሉ ወደ መስኮት ዞረ፣ ውሃው ወተት የገባበት ቡና መስሎ ከነስሩ የተነቀለ ባህር ዛፍ ይዞ ይወርዳል፣ የድልድዩ እግር ላይ ገለባና የበቆሎ አገዳ ተጠምጥሟል። ደብረ ታቦር ያለችው የአጎቴ ልጅ ቅዳሜ ማታ ደውላ የቆርቆሮው ጩኸት አላሰማንም ነበር፣ ሁለቴ ነው መልሳ የደወለችው። ስለዚህ ዝናቡ መጥቷል፣ በተባለው ቀን፣ በተባለው ቦታ። ጎርፉስ? ዋገጠራ ዝቅተኛው ማሳ ላይ ውሃ ወጥቷል፣ ቤት ግን አልገባም፣ ትንበያው ደግሞ «መኖሪያ ቤቶችንም ሊያሰጋ ይችላል» ይል ነበር። እንግዲህ በሀቅ ስንመዝነው ዝናቡን አግኝተውታል፣ ማሳውን አግኝተውታል፣ ቤቱን አላገኙትም። ሶስቱ ለየብቻ የሚታረሙ ነገሮች ናቸው። የፈተና ወረቀት እንኳ ሳርም ጥያቄ በጥያቄ ነው የማርመው፣ ጸሐፊው ግን ፈተናው ባልተሰጠበት ክፍል ተቀምጦ ነው ዜሮ የሰጠው።

«እኔ በየቀኑ ጎርፍ የለም ብል ከነሱ በላይ ልክ እሆናለሁ»

የጽሑፉ ዋና ጉልበት ይሄ ነው፣ ሰው ሁሉ እየደገመ የሚናገረውም ይሄን ነው፣ ስለዚህ እዚህ ላይ ቆየት ልበል። መጀመሪያ የሚለው እውነት ነው። በየቀኑ «የለም» ካልክ በፐርሰንት ትበልጣቸዋለህ። ችግሩ እዛ ፐርሰንት ላይ ነው፣ እና ይሄ ጉዳይ ከ140 አመት በፊት ተነስቶ መልስ ያገኘ ነው።

በ1884 እንደ ፈረንጆቹ ጆን ፊንሊ የሚባል የአሜሪካ ጦር የሲግናል ክፍል ሰው ቶርኔዶ መተንበይ ጀመረ፣ ያ እየተሽከረከረ ቤት የሚያነሳውን አውሎ ንፋስ። 2,803 ትንበያ ሰጠና 96.6 ፐርሰንት ልክ ነኝ አለ። አስገራሚ ውጤት ነው አይደል? ግን ዝርዝሩ ሲታይ እንዲህ ነው፦ 100 ጊዜ «ይመጣል» ብሏል፣ ከነዛ ውስጥ የመጣው 28 ጊዜ ነው፣ 72ቱ በከንቱ። «አይመጣም» ብሎ ደግሞ 23 ጊዜ መጥቷል። የቀረው 2,680 ጊዜ «አይመጣም» ብሎ ያልመጣበት ነው፣ ያ ሁሉ ፐርሰንት የተሰበሰበው ከዛ ነው። ጊልበርት የሚባል ሌላ ሳይንቲስት ወዲያው ደምሮ አሳየ፣ ፊንሊ ዝም ብሎ ሁልጊዜ «አይመጣም» ቢል ኖሮ 98.2 ፐርሰንት ልክ ይሆን ነበር።

ልክ የኛ ጸሐፊ ያለው ነገር ማለት ነው። ግን ጊልበርት ከዚህ ተነስቶ «ስለዚህ ትንበያ ይቅር» አላለም፣ «የቆጠራችሁበት መንገድ ነው ልክ ያልሆነው» ነው ያለው። አልፎ አልፎ ብቻ የሚመጣ አደጋ ላይ «ስንት ቀን ልክ ሆነ» ብሎ መጠየቅ ምንም አይነግርህም፣ ምክንያቱም ባዶው ቀን ይበዛል። መጠየቅ ያለበት ሁለት ነገር ነው፣ አደጋው ከመጣባቸው ጊዜያት ስንቱ አስቀድሞ ተነግሮ ነበር፣ እና ከተነገሩት ማስጠንቀቂያዎች ስንቱ እውነት ሆነ። ፊንሊ ከ51 ቶርኔዶ 28ቱን አስቀድሞ ተናግሯል፣ ከግማሽ ትንሽ ይበልጣል። ሁልጊዜ «የለም» የሚለው ሰው ከ51 ዜሮ።

ወደ ፎገራ አምጡት። ክረምቱ 120 ቀን ነው እንበል፣ ከዛ ውስጥ ወንዙ የሚወጣው 3 ቀን ነው እንበል። «የለም» የሚለው ሰው 117 ቀን ልክ ሆኖ 97.5 ፐርሰንት ያገኛል፣ እኔ ክፍል ውስጥ ይሄን ውጤት ያመጣ ተማሪ የለም። አጎቴ ጥጃቸውን ያጡት ግን በቀሩት ሶስት ቀናት ባንዱ ነው።

ፐርሰንት ማምለጫ ናት ስለሚለው

«70 ፐርሰንት ካሉ ቢዘንብም ልክ ናቸው ባይዘንብም ልክ ናቸው» ይላል። ለአንድ ቀን ብቻ ካየኸው አዎ፣ መያዣ የለውም። ግን 70 ያሉባቸውን ቀናት ሁሉ ለቅመህ ጎን ለጎን አስቀምጣቸው፣ ከ10 ቀን 7ቱ አካባቢ ከዘነበ ቃላቸው ልክ ነው፣ 4ቱ ብቻ ከዘነበ አጋነዋል፣ 10ሩም ከዘነበም ደግሞ ስተዋል፣ 100 ማለት ሲገባቸው ነው 70 ያሉት። እንደውም ከማምለጥ ይልቅ መያዣ ያለው እሱ ነው። «ዝናብ ሊኖር ይችላል» የሚል ሰው ነው በጭራሽ የማይያዘው። ብራየር የሚባል ሰው በ1950 እንደ ፈረንጆቹ አንድ ቀላል መለኪያ አውጥቷል፣ 70 ብለህ ከዘነበ ጉድለትህ 0.3 ነው፣ በራሱ ታባዘዋለህ 0.09፣ ካልዘነበ ጉድለትህ 0.7 ነው፣ በራሱ ሲባዛ 0.49፣ እያልክ የክረምቱን ሁሉ ደምረህ አማካይ ታወጣለህ፣ ትንሽ የሆነ ይሻላል። ይሄን ዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ይሰራዋል።

ፐርሰንቷ ከየት ትመጣለች ለሚል ደግሞ፣ የአውሮፓው የትንበያ ማዕከል አንዱን ቀን 51 ጊዜ ነው የሚያሰላው፣ መነሻውን ትንሽ ትንሽ እያዛባ፣ ምክንያቱም የአሁኑን አየር ማንም በትክክል አይለካውም። ከ51ዱ 35ቱ ከባድ ዝናብ ካሳዩ ወደ 70 ፐርሰንት ይሆናል። የኛ የከሰዓት ደመና ደግሞ ስፋቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው፣ የባጃጅ ሾፌር ሁሉ ያውቀዋል፣ ከተማው ውስጥ ሸራውን ዘርግቶ የአባይን ድልድይ ሲሻገር አባይ ማዶ መሬቱ ደረቅ ነው፣ መልሶ ይጠቀልለዋል። እንዲህ አይነት ሰማይ ላይ «አዎ» ወይ «አይ» ብቻ የሚል ትንበያ ነው ውሸታም የሚሆነው።

«መደበኛ ይሆናል ተብሎ ጎርፍ መጣ»

ይሄ አጭር ነው። የወቅት ትንበያ ማለት የአራት ወር ድምር ነው፣ ሚቲዎሮሎጂ አመቱን በጋ፣ በልግና ክረምት ብሎ በሶስት ይከፍላል፣ ለእያንዳንዱ «ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች» ብሎ ሶስት ሳጥን ያስቀምጣል። ምንም የማያውቅ ሰው ለሶስቱም 33 33 ፐርሰንት ይሰጣል፣ ስለዚህ «ከመደበኛ በላይ 45 ፐርሰንት» ቢባል እንኳ ትንሽ ማጋደል ነው እንጂ ቃል ኪዳን አይደለም። ባህር ዳር በአመት በአማካይ 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ታገኛለች፣ አብዛኛው በክረምት ነው፣ ከዛ ውስጥ 60 ሚሊ ሜትር በአንድ ሌሊት ቢወርድ ወይም በሀያ ቀን ተከፋፍሎ ቢወርድ ድምሩ ላይ ልዩነት የለውም፣ ወንዙ ላይ ግን የሞትና የህይወት ልዩነት አለው። ድሬዳዋን ያጠፋት ጎርፍ፣ በ1998 ሐምሌ ማለቂያ ላይ ደጫቱ ሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው የወሰደው፣ የአንድ ሌሊት ነገር ነው። የዛኑ ክረምት ፎገራም ሊቦ ከምከምም ደምቢያም ውሃ ስር ነበሩ። የአራት ወር ድምር ስለ አንድ ሌሊት አይናገርም፣ ለዛ የሚጠየቀው የአንድና የሁለት ቀኑ ትንበያ ነው።

«ፈረንጅ ሀገር እንዲህ አይሳሳቱም»

ይሳሳታሉ። በጥር 2015 በነሱ አቆጣጠር ኒውዮርክ ከተማ ላይ ከባድ የበረዶ አውሎ ይመጣል፣ ከ50 እስከ 75 ሴንቲ ሜትር በረዶ ይከመራል ተባለ። የምድር ባቡሩን በበረዶ ምክንያት ሲዘጉት በታሪኩ የመጀመሪያው ነበር። በማግስቱ ሴንትራል ፓርክ ላይ የተለካው 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሰው ተናደደ፣ ከትንበያ ኃላፊዎቹ አንዱ በአደባባይ ይቅርታ ጠየቀ። ግን እዛው አጠገብ የሎንግ አይላንድ ምስራቅና ቦስተን 60 ሴንቲ ሜትር በረዶ ተከምሮባቸዋል። አውሎው መጥቷል ማለት ነው፣ ጠርዙ ነው ትንሽ ወደ ምስራቅ የሸሸው። ኒውዮርክ ያለው ሰው «ውሸታሞች» ሲል ቦስተን ያለው ሰው በሩን መክፈት አቅቶታል። የኛ የቀበሌ 14 እና የዋገጠራ ነገር ነው፣ በረዶው ብቻ ነው የተለየው።

ከዚህ የባሰው ግራንድ ፎርክስ ነው፣ አሜሪካ ሰሜን ዳኮታ ያለች ከተማ። እንደ ፈረንጆቹ በ1996 እና 97 የብርድ ወራት ስምንት ትልልቅ የበረዶ ውሽንፍር ወርዶባቸው ያ ሁሉ በረዶ በጸደይ ሲቀልጥ ሬድ ሪቨር እንደሚሞላ ከወራት በፊት ተነግሯል። የተባለው ከፍታ 49 ጫማ ነው፣ 15 ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው። ከተማው አፈርና ጆንያ እየከመረ ከዛ ትንሽ ከፍ ያለ ግድብ ሰራ። ወንዙ 54.35 ጫማ መጣ፣ 16 ሜትር ተኩል ገደማ፣ ከተባለው በ1.6 ሜትር ይበልጣል። ወደ 50,000 የሚጠጋ ሰው ለቆ ወጣ፣ መሀል ከተማው በውሃ ውስጥ ሆኖ እሳት ተነስቶ 11 ህንፃ ተቃጠለ። ይሄ ታሪክ እኔን የሚያመኝ ለምንድነው፣ ጎርፍ እንደሚመጣ አውቀው ነበር፣ ጆንያ ሞልተው ነበር፣ የጎደለው አንዲት ቃል ናት፣ «ከዚህ ሊበልጥም ሊያንስም ይችላል፣ በዚህን ያህል»። 49 ሲባል ሰው 49ን ብቻ ሰማ። እና የኛ ጸሐፊ ማምለጫ ናት የሚላት ፐርሰንት እዛ ብትነገር ኖሮ ግድቡን በምን ያህል እንደሚያስበልጡ መምረጥ ይችሉ ነበር። በኋላ ቁጭ ብለው የት እንደሳቱ በሰነድ አውጥተዋል፣ ከፈረንጅ የምንወስደው ካለ ይሄን ነው።

የስፔኗ ቫሌንሲያ ጎርፍ ደግሞ የቅርብ ጊዜ ነው፣ ጥቅምት 2017 በእኛ። የስፔን ሚቲዎሮሎጂ ቀይ ማስጠንቀቂያ ያወጣው ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ስልክ ላይ የሚጮኸው ማስጠንቀቂያ ለህዝቡ የተላከው ከምሽቱ 2፡11 ነው። ያኔ ሰው መኪናው ውስጥ፣ ምድር ቤት ውስጥ ሰጥሞ ነበር፣ ከ220 በላይ ሞተዋል። ፓይፖርታ የምትባለው ክፉኛ የተመታች ከተማ ላይ ደግሞ ያን ቀን ይሄ ነው የሚባል ዝናብ አልጣለም፣ ውሃው ከላይ ከተራራው በደረቅ ሸለቆ ነው የወረደባት። ይሄን ዜና ሳነብ የአጎቴ ጓሮ ነው ትዝ ያለኝ።

አፕ ስለሚባለው ብዙ አልልም። ስልካችን ላይ ያለው አፕ አብዛኛው የሚወስደው ከነዚሁ የአለም ሞዴሎች ነው፣ የአውሮፓው በ9 ኪሎ ሜትር የአሜሪካው በ13 ኪሎ ሜትር ካሬ ከፍለው ነው የሚያሰሉት፣ አንዱ ካሬ ውስጥ ሐይቁም ከተማውም ኮረብታውም ተደባልቀው ይገባሉ። ያቺ የደመና ምስል ስለ ርብ ከፍታ ምንም አትናገርም። ዝናብና ጎርፍ ሁለት የተለያዩ ትንበያዎች ናቸው።

አባቶቻችን ደመና አይተው ያውቁ ነበር

አዎ ያውቁ ነበር። እዚህ ላይ አልከራከርም፣ አጎቴን የሚያውቅ ሰው አይከራከርም። ማታ ደጅ ወጥተው ወደ ምስራቅ ያያሉ፣ «ጉና ጠቁሮ ካመሸ እንቅልፍ የለም» ይላሉ፣ መብረቁ እዛ ማዶ ድምፅ ሳያሰማ ብልጭ ብልጭ ሲል ቆጥረው በሬዎቹን ያወጣሉ። አንድ ጊዜ ሰኔ ላይ ሀይለኛ ዝናብ ጥሎ እኔ ተጨንቄ ስደውልላቸው «አንተ ልጅ፣ ሰኔ የጣለው ለመሬቱ ነው፣ ነሐሴ የጣለው ነው ለኛ የሚተርፈው» አሉኝ። ይሄ ሳይንስ ነው። ዋልካው በበጋ ይሰነጠቃል፣ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ነው፣ የሰኔን ውሃ ጭልጥ አርጎ ይጠጣዋል፣ ነሐሴ ላይ ግን ጠግቦ አብጦ ስንጥቁ ተዘግቷል፣ ያው ዝናብ በሙሉ ወደ ወንዝ ይሄዳል። መስከረም ላይ ደግሞ ጣና ራሱ ሞልቶ ስለሚደርስ ወንዞቹ አፋቸው ላይ ይታገታሉ፣ ውሃው ወደ ኋላ ይተኛል። ጥሩ የጎርፍ ሞዴል የሚባለው ይሄንኑ ነው በቁጥር የሚያሰላው።

ግን ጸሐፊው ያላየው አንድ ነገር አለ። የአጎቴ አባት ምልክት ነበራቸው፣ ርብ መሻገሪያው ላይ ያለች ጥቁር ድንጋይ፣ ውሃው ትከሻዋን ከሸፈነ ከብት ይነሳል። አጎቴ ባለፈው አመት ወስደው አሳዩኝ፣ ማለት ቦታውን አሳዩኝ፣ ድንጋይዋ የለችም። አሸዋው ውጧታል። ርብ ከላይ ከተራቆተው መሬት አፈር እያጋዘ ወለሉን ከፍ እያረገው ነው፣ ስለዚህ ዱሮ ወንዙ ውስጥ ያልፍ የነበረው ውሃ ዛሬ ዳር ይወጣል። ከላይ ግድብ ተሰርቷል፣ የላይኛውን ውሃ ይይዛል፣ ከሱ በታች የሚጥለውን አይዝም። ጨረጨራ ላይ የሐይቁን መውጫ የሚቆጣጠረው በር ከተሰራ በኋላ የሐይቁም ጸባይ እንደ ዱሮው አይደለም። አጎቴ ራሳቸው «የአባቴ ምልክት ለአባቴ ወንዝ ነበር» ነው ያሉኝ። የአባቶች ምልክትም እንደ ሚቲዎሮሎጂው ሞዴል በየጊዜው ከወንዙ ጋር መተያየት አለበት፣ የአሮጌውን ወለል ይዞ የሚያሰላ ኮምፒውተርም እንደ ድንጋይዋ ይቀበራል።

«እርግጠኛ ካልሆኑ ዝም ይበሉ»

ይሄን ግን በፍጹም አልቀበልም። እንበልና ከብቱንና እህሉን ወደ ከፍታ ማውጣት ለጋሪ፣ ለሰው ጉልበት፣ ለመኖ ተደምሮ 2,000 ብር ያስወጣል። ውሃው ሳይነሱ ቢመጣ የሚጠፋው 40,000 ብር ነው። 2,000 ለ40,000 ሲካፈል 5 ፐርሰንት ነው። ማለት የጎርፉ እድል ከ5 ፐርሰንት በላይ ከሆነ መነሳቱ ያዋጣል፣ 19 ጊዜ በከንቱ ተነስቶ አንዴ ብቻ ቢያድነው እንኳ አልከሰረም። የከተማ ሰው ጃንጥላ ለመያዝ 60 ፐርሰንት ይፈልግ ይሆናል፣ ሜዳው ላይ ያለ ሰው 10 ፐርሰንትም ይበቃዋል። እርግጠኛ እስኪሆኑ ዝም ይበሉ ማለት ውሃው ጓሮ እስኪደርስ ዝም ይበሉ ማለት ነው፣ እርግጠኝነት የሚገኘው ያኔ ነውና።

በከንቱ የተነሳ ሰው በሚቀጥለው ይሰንፋል የሚለው ግን እውነት ነው፣ አይቻለሁ። ባለፈው ጊዜ ተነስተው ምንም ያልመጣባቸው ጎረቤቶች ቅዳሜ አልተነሱም። መፍትሄው ግን ከዛ በኋላ መጥቶ መናገር ነው፣ «ዝናቡ መጥቷል፣ ወንዙ እስከዚህ ደርሷል፣ በዚህን ያህል ተርፋችኋል» ብሎ። ማንም መጥቶ ይሄን አልነገራቸውም። እኔ ጸሐፊውን የምደግፈው እዚህ ላይ ነው። የቅዳሜው ማስጠንቀቂያ ሐሙስ ኦንላይን ወጥቷል፣ አጎቴ ቀበሌ የደረሰው ግን ቅዳሜ ከሰዓት ነው፣ መሀል ላይ አንድ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ነው ያደረው፣ ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ያለው ቀን ሁሉ ለተነሺው ሰው ነበር የሚያስፈልገው። ሲደርስም «በአንዳንድ ዝቅተኛ ቦታዎች» ነው የሚለው፣ የትኛው ጎጥ፣ በስንት ሰዓት፣ ውሃው እስከ ጉልበት ነው እስከ መደብ ነው አይልም። በዚህ ላይ ተናደድ፣ እኔም አብሬህ እናደዳለሁ።

እኛ ጋ የጀመርነው ነገር አለ። አጎቴ ግቢ ውስጥ ጎኑ ቀጥ ያለ የላስቲክ ጣሳ አጥሩ እንዳይጋርደው መሀል ላይ ተክለናል፣ ውስጡ ማስመሪያ አለ፣ ልጃቸው ደብረ ታቦር ላይ እንደዚሁ አርጋለች፣ በየጠዋቱ 3 ሰዓት ቁጥሩን በሜሴጅ ትልክልኛለች። እኔ ደብተር ላይ አራት አምድ አስምሬያለሁ፦ ምን ተባለ፣ መቼ ተባለ፣ ደብረ ታቦር ስንት ዘነበ፣ ውሃው ዋገጠራ የት ደረሰ። ወንዙን የሚለካው የአጎቴ ትንሹ ልጅ ነው፣ መሻገሪያው ላይ የተከልነውን ባለ ምልክት እንጨት ሮጦ ሄዶ አይቶ ይመጣል፣ አጎቴ ደግሞ ማታ ጉናን ያዩትን ይነግሩኛል፣ እሱንም በራሱ አምድ እጽፈዋለሁ። ክረምቱ ሲያልቅ ትንበያውንም አፑንም አጎቴንም በአንድ መለኪያ ደምሬ አወጣዋለሁ፣ ማንም ቢበልጥ እንዳለ እጽፈዋለሁ።

ጸሐፊው ወንድሜ፣ ከአንተ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ያያያዝከው ስክሪንሾት ላይ ትንበያው የወጣበት ቀንና ሰዓት ከላይ ተቆርጧል። የኔ ቅጂ ሐሙስ የወጣው ነው፣ ያንተ አርብ የታደሰው ከሆነ የቤቱ ነገር ተቀይሮ ሊሆን ይችላል፣ ውጤቱም ይቀየራል። ሙሉው ካለህ ላክልኝ፣ የቅዳሜው መስመር ላይ «መቼ ተባለ» የሚለውን አምድ ባዶ ትቼዋለሁ።